እትዬ ትርንጎ እንዴት ነበር የምታለቅሰው

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጎንደር፣ ከፀዳ ወደ ፒያሳ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ለቅሶ ሰማሁ። «ወይኔ አያ ይርጋ፣ ወይኔ ጋሻዬ» የሚል የሴት ድምፅ ነው። «ጋሻዬ» ላይ ሲደርስ ድምፁ ከፍ ይልና ስንጥቅ ይላል፣ ከስንጥቁ ውስጥ ስቅታ የመሰለ ነገር ይወጣል፣ ከዚያ የብዙ ሰው ሳቅ ይከተላል። ሳቁ የእውነት ሳቅ አይደለም፤ ኋላ በማሽን የተቀጠለ ነው። በግራዬ የተቀመጠች ልጅ ስልኳን ለጓደኛዋ እያሳየች ደጋግማ ታጫውተዋለች። ያልቅና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። የሾፌሩ ሬዲዮ ነበር፣ የረዳቱ ጩኸት ነበር፣ እግሬ ሥር አንዱ ያስቀመጠው የሽንኩርት ማዳበሪያ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ግን ያ ለቅሶ ደሜን አፈላው።

«ልጄ፣ እባክሽ ዝቅ አድርጊልኝ» አልኳት። ልጅቷ ክፉ አልነበረችም። ወዲያው ድምፁን ዘጋችና፣ «ይቅርታ ማዘር፣ ድንኳኔ እኮ ናት። በጣም ነው የምታስቀው» አለችኝ። ስሟ ድንኳኔ እንዳልሆነ ነገርኳት። ትርንጎ ነው አልኳት። ጥቂት አሰብ አደረገችና፣ «ሴትዮዋ ግን እውነት እንደዚህ ነበር የምታለቅሰው?» ብላ ጠየቀችኝ። ልመልስላት አፌን ስከፍት ረዳቱ «መጨረሻ» ብሎ በሩን በረገደው፣ ሰዉ ተጋፍቶ ወረደ፣ ልጆቹም በሰው መሀል ጠፉ። ያንን መልስ ይኸው ሳምንት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ይዤ እዞራለሁ። ቅዳሜ ገበያ ሱቄ ውስጥ ጨርቅ እየለካሁ የማስበው እሱን ነው።

እትዬ ትርንጎ ጎረቤታችን ነበረች። የእነሱንና የእኛን ግቢ የሚለየው አንድ የድንጋይ አጥር ነው፤ አጥሩ በአንድ በኩል ፈርሶ ስለነበር እኛ ልጆቹ በሩን ረስተነው ነበር። አባቴ መሪጌታ ነበር። በደብራችን ማሕሌት ይመራ ነበር፣ ቀን ቀን ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ከየአገሩ ለመጡ ተማሪዎች ዜማ ያስጠና ነበር። የእሷም አባት የቅኔ ሰው ነበሩ ይባላል፣ እኔ ግን አልደረስኩባቸውም። የደረስኩት እናቷን እማማ ዘርፌን ነው። እማማ ዘርፌ ከወገራ፣ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ነበሩ፣ ያ የወገራ ብርድ ጉንጫቸውን እንዳቀላው የኖረ። በከተማው የታወቁ አስለቃሽም ነበሩ። ለቅሶ ቤት እሳቸው እስኪመጡ ሰዉ ዝም ብሎ ተክዞ ይቀመጣል፤ እሳቸው ሲመጡ ነው ሐዘኑ የሚወጣለት።

አሠራራቸውን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ እናቴ ለቅሶ ስትሄድ እኔን አስከትላ ነበርና። እማማ ዘርፌ በቀጥታ ወደ ድንኳኑ አይሄዱም። መንገዱ መታጠፊያ ላይ ይቆሙና የሰፈሩን አንዲት ሴት ጠርተው ቀስ ብለው ይጠይቃሉ። ሟቹ ማነው፣ የማን ወገን ነው፣ ስንት ልጅ ተወ፣ ምን ይወድ ነበር፣ በምን ይመሰገናል። ሴትዮዋ ስትነግራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ያዘቀዝቁና ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ከጉልበታቸው ወደ ወገባቸው፣ ከወገባቸው ወደ ደረታቸው ይወጣል፣ በመጨረሻ ድምፃቸው ይመጣል። ድንኳኑ ጋ ሲደርሱ ያ የማያውቁት ሰው የራሳቸው ወንድም ሆኗል። ማስመሰል አልነበረም። ማታ ቤታቸው ሲገቡ ዓይናቸው አብጦ፣ «ምነው እንዲህ ያለ ሸጋ ሰው ይሞታል» እያሉ ሲብሰለሰሉ እሰማቸው ነበር።

እትዬ ትርንጎ ይኼንን አይታ ነው ያደገችው። እኔ ነፍስ ሳውቅ እሷ አዲስ አበባ ነበረች። በኪነት ቡድን ነው የሄደችው፤ ዘፈንም ጭፈራም አይሆንላትም ነበርና ከመድረክ ጀርባ ልብስ ስታጣጥፍ የሰፈሩን ሰው ሁሉ አካሄድ እያስመሰለች ጓደኞቿን ስታስቅ አይተው ነው አሉ ለቴሌቪዥን ጭውውት የወሰዷት። የዚያን ጊዜ በጭውውቱ የሚያስቁት ሴቶች ወንዶች ነበሩ። ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው፣ ደረታቸው ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው ይወጣሉ። ሴት ከሆነች ወይ ታፈቅራለች ወይ ታለቅሳለች ወይ ሻይ ታቀርባለች። ሴት ልጅ አፏን ከፍታ ሰው ታስቃለች ማለት ነውር ነበር፤ አድጋ ያልተገራች ትባላለች።

የመጀመሪያውን ቀን ራሷ ነበር የነገረችኝ፣ እየሳቀች ሳይሆን እንደተናደደች። «አንቺ ሻዩን አቅርበሽ ውጪ፣ ማሳቁን ለሰውዬው ተዪለት» አሏት። ቀሚስ ለብሶ የተቀመጠ ጢሙ የተላጨ ሰውዬ ነው። ሻዩን ይዛ ገባች፣ አስቀመጠች፣ ልትወጣ ስትል ዞራ አየችው። ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀረብ ብላ የተንሻፈፈ ሻሹን አስተካከለችለት፣ አገጩን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችው፣ «እህቴ፣ ባልሽ እንዲህ አድርጎሽ ነው?» አለችው። ካሜራ የያዙት ሳይቀሩ በሳቅ ወደቁ። ሰውዬው በሚቀጥለው ጊዜ ቀሚስ አልለበሰም። እሷ ነበረች የለበሰችው።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ነበረ፤ እሱም የቀበሌው ነው። አዳራሹ ውስጥ ከፍ ተደርጎ በተሰቀለ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይኖራል። እሁድ እሁድ የቀበሌው ዘበኛ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይመጣል፣ ወንበር ላይ ይወጣል፣ ሳጥኑን ይከፍታል፣ እኛ መሬት ላይ እንደ ሰሊጥ ተነጥፈን እንጠብቃለን። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ነፋስ ከነፈሰ ሰዎቹ ይጠማዘዛሉ። እትዬ ትርንጎ ስትወጣ አዳራሹ ይናጋል። «የእማማ ዘርፌ ልጅ» ይላል ሁሉም፣ እንደማናውቃት። እኔ ግን አፌን ሞልቼ ጎረቤቴ ናት እላለሁ፤ አጥራችን አንድ ነው እላለሁ፤ ማን ሰምቶኝ።

በዓል ሲደርስ ትመጣ ነበር። ከአውቶቡስ ስትወርድ ቡናማ የቆዳ ቦርሳ ይዛለች፤ ሲከፈት የፓውደርና የሜንታ ከረሜላ ሽታ ይወጣል። ሜንታውን ለድምፄ ነው እያለች ቀኑን ሙሉ ትመጠዋለች። እቤት አርፋ አትቀመጥም። እናቷን ተከትላ ለቅሶ ትሄዳለች፣ ገበያ ትሄዳለች፣ የሴቶችን አረማመድ ታያለች፣ ማታ እኛ ቤት መጥታ የቁምሳጥኑ መስታወት ፊት ትቆማለች። ጭውውቱን የምትደርሰው ራሷ ነበረች። አባቴ ተማሪዎቹን እስኪያሰናብት ትጠብቅና፣ «መሪጌታ፣ ይኼ ሐረግ ቤት ይመታል?» ብላ ትጠይቀዋለች። እሱም ጢሙን እየዳበሰ ይሰማትና ያርማታል። በቴሌቪዥን ግን ደራሲ ተብሎ የሚነበበው የሌላ ሰው ስም ነበር። አባቴ በዚህ በጣም ይናደድ ነበር፣ እሷ ግን «ተወው መሪጌታ፣ እኔ እንድወጣ ይተዉኝ እንጂ» ትለዋለች።

ድንኳኔን ያመጣችው እንግዲህ እንደዚያ ነው። ወይዘሮ ድንኳኔ ከለቅሶ ለቅሶ እየዞረች ንፍሮ የምትበላ ሴት ናት። ልጅቷ ባጫወተችው በዚያ ጭውውት አንድ ድንኳን ታያለች፣ መታጠፊያው ላይ ትቆማለች፣ እንደ ደንቡ መጠየቅ አለባት፣ ንፍሮው ግን ሸትቷታል። አንዱን አላፊ «የማን ቤት ነው?» ትለዋለች። «የአያ ይርጋ» ይላታል። ማን ሞተ ብላ ሳትጨርስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገሰገሰች። የሞቱት ለካ የአያ ይርጋ አማት ናቸው። አያ ይርጋ ራሱ ከፊት ተቀምጧል። ድንኳኔ አያ ይርጋን ታለቅሰዋለች፣ ጀግንነቱን፣ ቸርነቱን፣ የበሬዎቹን ውበት። ሰዎች ሊያስቆሟት ሲነሱ አያ ይርጋ እጁን ያነሳና፣ «ተዋት፣ ትጨርስ። በቁሜማ ማን እንዲህ ብሎኝ ያውቃል» ይላል።

ያን እሁድ አዳራሹ ውስጥ ሳቁ ጋብ ሲል ሁሉም አንገቱን ወደ እማማ ዘርፌ አዞረ፤ ያ ለቅሶ፣ ያ ስንጥቅ ድምፅ የእሳቸው እንደሆነ ማን ጠፍቶት። ይቆጡ ይሆን ብለን ፈራን። እማማ ዘርፌ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን እየጠረጉ ነበር፤ ከሳቅ ብዛት ነው። «ጉልበቷን አያችሁት? ከጉልበቷ ነው የጀመረችው። ሌላው ሁሉ እኮ ካፉ ነው የሚጀምር» አሉ። ከዚያ ኮስተር ብለው፣ እናቴን በስሟ ጠርተው፣ «ስሚ፣ እኔን የምታለቅሰኝ ትርንጎ ናት። ሌላ አስለቃሽ እንዳታስገቡብኝ» አሉ። ሰው ሁሉ እየሰማ ነው ያሉት። እትዬ ትርንጎም በሚቀጥለው በዓል ስትመጣ ይኼንኑ ነግረዋት እሺ ብላለች፤ የወገራን ለቅሶ ለብቻዋ ማጥናት የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው።

እማማ ዘርፌ የሞቱት እኔ ሰባተኛ ክፍል እያለሁ፣ በክረምት ነው። እትዬ ትርንጎ ለቀብሩ አልደረሰችም፤ መንገዱ ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር፣ በዚያ ላይ ጎርፍ ነበር። ሰዉ እናትየው ያሉትን አክብሮ ሌላ አስለቃሽ ሳያስገባ ጠበቃት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት «መጣች» ተባለ። ሴቶቹ ሊቀበሏት ከድንኳኑ ብድግ አሉ። እኔና አባቴ በር ላይ ነበርን።

መታጠፊያው ላይ ቆመች። ቦርሳዋን ለእናቴ ሰጠቻት። የምትጠይቀው ነገር አልነበራትም፣ ሁሉንም ታውቃለች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ድምፅዋ መጣ። «ወይኔ እማዬ፣ ወይኔ ጋሻዬ» አለች። ሰው ስንት ድምፅ አለው? አንድ ድምፅ ነው ያለው። ያው ድምፅ፣ ያው ስንጥቅ ነው የመጣው። መጀመሪያ አንድ ሕፃን ሳቀ። እናቱ አፉን ያዘችው። ከዚያ የሕፃኑ እናት ራሷ ትከሻዋ በሳቅ መርገፍገፍ ጀመረ። አንዷ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጨመረች። እትዬ ትርንጎ ገና እየሰማች አልነበረም፣ ወደ እኛ እየቀረበች ግጥሙን ጀመረች፤

«ላገሩ አልቅሰሽ ለወንዱ ለሴቱ፣»

ሁለተኛው ስንኝ አልመጣም። ድንኳኑ በሙሉ ነበር የሳቀው። ደስ ብሏቸው አልነበረም፣ ይኼን እመሰክራለሁ፤ እያለቀሱ ነበር የሚስቁት፣ ከንፈራቸውን እየነከሱ፣ ፊታቸውን እየቧጨሩ፣ በራሳቸው እያፈሩ። ግን ሳቁ። በገዛ እናቷ ድንኳን። እትዬ ትርንጎ አፏ እንደተከፈተ ቆመች። አባቴ በመቋሚያው መሬቱን መታና፣ «ሰው እናቱን ሲያለቅስ እንኳ አታውቁም?» አለ። አባቴ ጮኾ ሲናገር ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። ሳቁ ቆመ፣ ግን ምን ዋጋ አለው። እሷ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ገብታ ሴቶቹ መሀል ተቀመጠች፣ ሰዉ ተራ በተራ «እግዜር ያጽናሽ» ሲላት «አሜን» አለች። ሌላ ድምፅ አላወጣችም። እማማ ዘርፌ፣ ስንቱን ያስለቀሱት ሴት፣ ሳይለቀስላቸው ድንኳኑ ተነቀለ።

ከዚያ በኋላ እትዬ ትርንጎ ብዙ ዓመት ቴሌቪዥን ላይ ቆይታለች። ሌላ ሴት ልሁን ብትል አልሰሟትም። ዳኛ የምትሆንበትን ጭውውት ጻፈች፣ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ የምትሆንበትን ጻፈች፣ የሚያሽኮረምማት ሽማግሌ ያላት ባልቴት የምትሆንበትን ጻፈች። «ሕዝቡ ድንኳኔን ነው የሚፈልገው» ነው መልሱ። የሠራቻቸው ሌሎች ጭውውቶች አንዱም ዛሬ የለም፤ ካሴቱ ላይ ሌላ ነገር ተቀድቶበታል ይላሉ። የተረፈችው ያቺ ልጅ በስልኳ የምታጫውታት ቁራጭ ብቻ ናት። ይኼ ነገር ትዝ ሲለኝ እጄ ላይ ያለውን መቀስ ወርውሪው ወርውሪው ይለኛል።

ኋላ ጠቅልላ መጣች፣ የእናቷ ቤት ገባች። እኔ የዚያን ጊዜ አግብቼ ሱቅ ከፍቻለሁ። ጎንደር እንዴት እንደተቀበላት ልናገር። ሰርግ ሲሆን ይጠሯታል። አንዴ ማክሰኝት አንድ ሰርግ አብረን ሄድን፤ ገና እጃችንን ሳንታጠብ ሚዜዎቹ ማይክራፎን ይዘው መጡና፣ «እትዬ ድንኳኔ፣ አንዴ ብቻ አልቅሺልን» አሏት። ሙሽራው ሳይቀር ተነስቶ ለመናት። አለቀሰችላቸው። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። እሷ ቁጭ ብላ የጠቀለለችውን ሳትጎርስ መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠችው፣ እኔ አየሁት። በዚያው ሰሞን ሰፈራችን ለቅሶ ሆነ። የእድሩ ዳኛ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ራቅ አድርገው ወሰዷትና፣ «ትርንጎ፣ ቅር አይበልሽ፣ ሐዘንተኞቹ ተጎድተዋል፣ አንቺ ከጓዳ በኩል ብትሆኚላቸው» አሏት። በሰርግ አልቅሺልን፣ በለቅሶ ዝም በይልን። እሺ ይኼ ምን ይባላል?

ጓዳ ገባች። ንፍሮ ቀቀለች፣ ሳህን አጠበች፣ ውኃ ቀዳች። እንደዚያ ነው ዓመታቱ ያለፉት። የስንቱን ሰው ለቅሶ ከጭስ ውስጥ ሆና ሰማች። ሰው ዓይኗ ሲቀላ ቢያይ እንጨቱ እርጥብ ነው ትላለች። አንድ ቀን ተናድጄ፣ «ለምን አትተዪውም? ለምን ትሄጃለሽ?» አልኳት። «ብርቄ፣ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ምን ሰው ነው?» አለችኝ፣ ከረሜላዋን በጉንጯ እያዞረች።

አባቴ ሲሞት ነገሩ ወደ እኔ መጣ። የታመመው በጾም ነው፣ ከፋሲካ በኋላ አረፈ። ካህናቱ በሥርዓቱ፣ በክብር ሸኙት። እኔን ያሳሰበኝ የሴቶቹ ለቅሶ ነበር። እማማ ዘርፌ ከሞቱ ወዲህ በሰፈራችን ደህና አስለቃሽ አልወጣም፤ «ወይኔ ወይኔ» ከማለት በቀር ግጥም የሚያውቅ ጠፍቷል። የድንኳኑ ሁለተኛ ቀን ነበር፣ ሰዉ ዝም ብሎ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። አባቴ እንደ ተራ እቃ ሊታለፍ ነው ብዬ ተነሳሁ። ጓዳ ገባሁና እትዬ ትርንጎን፣ «አባቴን አልቅሺልኝ» አልኳት።

«ድንኳኔ አለቀሰችው እንዲባል ነው? ያንን ሰውዬ ላዋርደው?» አለችኝ።

«ያን ቀን ብቻውን የተቆጣልሽ እሱ ነው» አልኳት።

ድስቱን አማሰለች። «አንቺ ድምፅ አለሽ?» አለችኝ። ድምፅስ አለኝ፣ ግጥም ነው የሌለኝ አልኳት። ማማሰያውን አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ከፊት ተቀመጪ። እኔ ከኋላሽ እሆናለሁ። የምልሽን ብቻ በይ። ከጉልበትሽ ጀምሪ» አለችኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ከኋላዬ፣ በቀኝ በኩል፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተቀመጠች። ሰዉ የደከማት አሮጊት ናት ያላት። አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠጋች። የሜንታው ሽታ መጣ፣ ከዚያ ትንፋሿ፣ ከትንፋሿ ጋር ቃሉ። እኔ ጉልበቴን ለቀቅኩት፣ እንዳለችኝ። ድምፄ ሲወጣ ራሴን አስደነገጠኝ፤

«ጸናጽልህ ዝም አለ ከበሮህም ተኛ፣
ማን ሊቆምልህ ነው ከቀረነው እኛ።»

የአባቴ ተማሪዎች የነበሩ፣ ዛሬ እነሱም የሸበቱ ሰዎች፣ መጀመሪያ አለቀሱ። ከዚያ ሴቶቹ። ስልኩን ያላስቀመጠ ሰው አልቀረም። እሷ ትነግረኛለች፣ እኔ እላለሁ፣ ድንኳኑ ይመልሳል። ስለ አባቴ ድምፅ፣ ስለ ክረምት ሌሊቶቹ፣ ጢሙን እየዳበሰ ሰው ስለማዳመጡ፣ እኔ ራሴ የረሳሁትን ሁሉ አንድ በአንድ አወጣችልኝ። እንዲህ እየሄድን ሳለ ትንፋሿ ተለወጠ። ጆሮዬ ላይ ዝም አለች። ድንኳኑ የሚቀጥለውን ይጠብቃል፣ እኔ ጉልበቴን እየመታሁ እጠብቃለሁ። ከዚያ እንደገና ጀመረች፣ እኔም ምን እያልኩ እንደሆነ ሳላስብ ተከተልኳት፤

«ላገሩ አልቅሰሽ ለወንዱ ለሴቱ፣
አንቺን ዝም ብዬ ሸኘሁሽ በከንቱ።»

ሁለተኛው ስንኝ ከአፌ ሲወጣ ነው የነቃሁት። እማማ ዘርፌን ነው የማለቅሰው። እትዬ ትርንጎ እናቷን እያለቀሰች ነው፣ በእኔ ጉሮሮ፣ በአባቴ ድንኳን። አላቆምኩም። ስለ ወገራ ብርድ አለች፣ አልኩ። ስለ መታጠፊያው አለች፣ አልኩ። እማዬ አለች፣ እማዬ አልኩ። ድንኳኑ በሙሉ መለሰላት፣ እማዬ እያለ፣ እየተንሰቀሰቀ። ጀርባዬ ላይ እንባዋ ነጠላዬን አልፎ እስከ ሸሚዜ ደርሶ ነበር። አንድም ሰው አልሳቀም።

ሲያልቅ አክስቴ እጄን ይዛ፣ «ምነው ልጄ፣ በመሪጌታ ለቅሶ ላይ የወገራ እናት ከየት መጣች?» አለችኝ። «ሐዘን አደናበረኝ» አልኳት። እትዬ ትርንጎ ጓዳ ተመልሳ ድስቱን ስታማስል አገኘኋት። ከረሜላ አውጥታ ሰጠችኝ። ስለዚያ ነገር እስክትሞት ድረስ አንዲት ቃል አልተነጋገርንም።

እሷ ያረፈችው ዘንድሮ ነው። ለቅሶዋ ላይ የሆነውን መናገር ያበሽቀኛል፣ ግን ልናገረው። «አድናቂዎቿ ነን» ያሉ ልጆች ትልቅ ስፒከርና ስክሪን አምጥተው ድንኳኑ አፍ ላይ ተከሉ። በሦስተኛው ቀን ሰዉ በተሰበሰበበት ለቀቁት። «ወይኔ አያ ይርጋ፣ ወይኔ ጋሻዬ።» ሳቁ ከማሽኑም ከሰዉም መጣ። «እሷ ብትኖር እንዲህ ነበር የምትወደው» አለ አንዱ። ማን ነገረህ? ተነስቼ ገመዱን ነቀልኩት። የእድሩ ዳኛ «ብርቄ፣ ረጋ በይ» አሉኝ፣ አሁን በጣም አርጅተዋል፤ አልረጋሁም። እዚያው በቆምኩበት ላለቅሳት አፌን ከፈትኩ። ግጥም የለኝም። ከኋላዬ የሚነግረኝ የለም። እነዚያኑ «ላገሩ አልቅሰሽ» የሚሉትን ሁለት ስንኞች ብቻ ነበር የማውቃቸው፣ እነሱን እየመላለስኩ አልኳቸው። ጥቂት ሴቶች አብረውኝ አለቀሱ። ሌሎቹ ስክሪኑ እስኪበራ ይጠብቁ ነበር።

እንግዲህ ለዚያች ልጅ መልሴ ይኼው ነው። አይደለም፣ እንደዚያ አልነበረም የምታለቅሰው። ድምፅ አልነበረውም፤ ትንፋሽ ነበር፣ ሜንታ ሜንታ የሚል፣ ጆሮዬ ላይ። ከእኔ በቀር የሰማው ሰው የለም፣ የተቀረጸም የለም። ያ ቀኝ ጆሮዬ ደግሞ ከዓምና ጀምሮ እምቢ ብሎኛል። ሐኪሙ ዕድሜ ነው አለኝ። ሱቅ የሚመጡ ደንበኞች አሁን በግራ በኩል ነው የሚያናግሩኝ።